የጄይ ኪም ጉዳይና የስደተኛ እጩ የዘመቻ ገንዘብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከማኅበረሰባችን አንድ ሰው አሜሪካ ውስጥ ለምርጫ በተወዳደረ ቁጥር፣ በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በሚኒሶታ፣ በሲያትልም ሆነ በሎስ አንጀለስ ያለው ወገን መቀነቱን ለመፍታት አይሰስትም። የሚነሡት ጥያቄዎችም ዘወትር ተመሳሳይ ናቸው፦ ማን መስጠት ይችላል? ስንት? በምን መልክ? ስህተት ቢፈጠርስ ተጠያቂው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በሕግ አንቀጽ ብቻ ከመመለስ ይልቅ በእውነት ከተፈጸመ ጉዳይ መነሣቱ የተሻለ መስሎ ስለታየኝ፣ ከኮሪያ ተሰድደው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ለመሆን የበቁትንና በምርጫ ዘመቻቸው ገንዘብ ምክንያት ፍርድ ቤት የቀረቡትን የጄይ ኪምን ታሪክ መሠረት አድርጌያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የሕጉ ማብራሪያም የሚመለከተው ለፌዴራል ምርጫ፣ ማለትም ለኮንግረስና ለፕሬዚዳንትነት ለሚወዳደሩ እጩዎች የሚሰጠውን መዋጮ ነው።

ጄይ ኪም ማን ናቸው?

በ1939 በሴኡል የተወለዱ ሲሆን የኮሪያ ስማቸው ኪም ቻንግ ጁን ነው። በ1961 አሜሪካ ገብተው በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ ጄይኪም ኢንጂነርስ የተባለ የራሳቸውን የምህንድስና ድርጅት አቋቋሙ። ወደ ፖለቲካ የገቡት ዕድሜያቸው ሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው። በ1990 ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ለምትገኘው ለዳይመንድ ባር ከተማ ምክር ቤት ተመረጡ፤ በዓመቱ የከተማዋ ከንቲባ ሆኑ፤ በኖቬምበር 1992 ደግሞ የሪፐብሊካን ፓርቲ እጩ ሆነው በካሊፎርኒያ 41ኛው የምርጫ ክልል አሸነፉ። በዚህም በአሜሪካ ታሪክ ለኮንግረስ የተመረጡ የመጀመሪያው ኮሪያ ተወላጅ ሆኑ።

ያ ዓመት ለሎስ አንጀለስ ኮሪያውያን የመከራ ዓመት ነበር። በኤፕሪል መጨረሻ በከተማዋ በተነሣው ሁከት ከ2,000 በላይ የኮሪያውያን ንግድ ቤቶች ተዘርፈዋል ወይም ተቃጥለዋል፤ ባለ ሱቆቹም ለፖሊስ ደውለው የሚደርስላቸው አጥተው ንብረታቸውን በገዛ እጃቸው ለመጠበቅ ተገድደዋል። ከዚያ ሐዘን በኋላ ከመካከላቸው አንድ ሰው ዋሽንግተን ሲገባ ማየት ለእነዚያ ቤተሰቦች ምን ማለት እንደነበር ስደት የቀመሰ ሁሉ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። ጉዳዩን ይበልጥ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

የተከሰሱበት ጉዳይ በትክክል ምን ነበር?

ኪም ሥራ በጀመሩበት በ1993 የምህንድስና ድርጅታቸው የዘመቻቸውን ወጪዎች ይሸፍን እንደነበር ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከዚያ የተከተለው የፌዴራል ምርመራ ዓመታት ወሰደ። በመጀመሪያ የተያዙት ገንዘብ የሰጡት ኩባንያዎች ነበሩ፤ ቀጥሎ የዘመቻው ገንዘብ ያዥ በ1997 ፍርድ ቤት ቀርቦ በዳኝነት በተሰየሙ ዜጎች ውሳኔ ጥፋተኛ ተባለ፤ በመጨረሻም በዚያው ዓመት በኦገስት ኪምና ባለቤታቸው ራሳቸው ዳኛ ፊት ቆመው ጥፋታቸውን አመኑ።

ኪም ያመኑት በሦስት ቀላል ወንጀሎች ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ230,000 ዶላር በላይ የሆነ ሕገወጥ መዋጮ ወደ ዘመቻቸው መግባቱ ታውቋል። ከዚህ ውስጥ 83,248 ዶላሩ ከራሳቸው የምህንድስና ድርጅት የወጣ ነው፤ ሌላ 50,000 ዶላር ደግሞ ከአንድ የታይዋን ዜጋ የመጣ ነበር። ባለቤታቸው በሁለት ቀላል ወንጀሎች ጥፋተኛ መሆናቸውን ሲያምኑ፣ የዘመቻው ኮሚቴ ራሱን እንደቻለ አካል ተቆጥሮ በአምስት ከባድ ወንጀሎች ጥፋተኛ ሆኗል። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር ይህ ነው፤ «ኮሚቴ» ስንል ሳምንት በሳምንት ሻይ እየጠጡ የሚሰበሰቡ ወዳጆች ይታዩናል፤ ለሕጉ ግን ኮሚቴው በስሙ ሪፖርት የሚያቀርብ፣ በስሙ የሚከሰስና በስሙ የሚቀጣ ነው።

የተከሰሱት ስደተኛ ስለሆኑ ነው?

አይደለም። የተከሰሱባቸው ሕጎች እዚያው ተወልዶ ላደገ እጩም አንድ ናቸው፤ በእነዚሁ ሕጎች የተፈረደባቸው የአገሩ ተወላጆች ቁጥርም ጥቂት አይደለም። ዜግነት ያገኘ ስደተኛ መወዳደሩ ራሱ ሙሉ መብቱ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ለተወካዮች ምክር ቤት የሰባት ዓመት ዜግነትና የ25 ዓመት ዕድሜ፣ ለሴኔት የዘጠኝ ዓመት ዜግነትና የ30 ዓመት ዕድሜ፣ ለሁለቱም ደግሞ በምርጫው ጊዜ የሚወዳደሩበት ስቴት ነዋሪ መሆንን ብቻ ይጠይቃል፤ በትውልድ ዜጋ መሆንን የሚጠይቀው ፕሬዚዳንትነትና ምክትል ፕሬዚዳንትነት ነው።

ይሁን እንጂ የስደተኛ እጩ ዘመቻ ለእነዚህ ሕጎች ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን መካድ አይገባም። የአገሬው እጩ ዘመዶች በአብዛኛው ዜጎች ናቸው። የስደተኛው ዘመድና ወዳጅ ግን ግማሹ ዜጋ፣ ግማሹ ግሪን ካርድ ያለው፣ ሌላው በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ የመጣ፣ ቀሪው ደግሞ ገና ውቅያኖስ ማዶ ያለ ነው። ሁሉም በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ በአንድ ፍቅር ሲያዋጣ ሕጉ ግን እያንዳንዱን ለይቶ ያየዋል።

ገንዘቡን ሕገወጥ ያደረገው ምንድን ነው?

የኪም ጉዳይ በአንድ ጊዜ በርካታ ክልከላዎችን የነካ በመሆኑ አንድ በአንድ ማየቱ ይጠቅማል።

በሕግ የተቋቋመ ኩባንያ ከካዝናው አውጥቶ ለፌዴራል እጩ መስጠት አይችልም፤ ይህ ክልከላ ከ1907 ጀምሮ የጸና ነው። ኩባንያው የእጩው የራሱ መሆኑም ለውጥ አያመጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እጩ ከግል ገንዘቡ ለራሱ ዘመቻ የፈለገውን ያህል ማውጣት ሲፈቀድለት፣ ከኩባንያው ሒሳብ ግን አንዲት ሳንቲም መንካት የለበትም። ላቡን አፍስሶ ከምንም ያቋቋመውን ድርጅት «የእኔ» ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ሁለቱን ኪሶች ለይቶ ለማየት ይቸገራል፤ የድርጅቱን ቢሮ፣ የድርጅቱን ስልክና ደመወዙን ከድርጅቱ የሚያገኝ ሠራተኛ ለዘመቻው ማዋልም እንደ መዋጮ ይቆጠራል።

የውጭ ዜጋ ገንዘብ ደግሞ በየትኛውም የአሜሪካ ምርጫ፣ የከተማ ምክር ቤት ምርጫን ጨምሮ፣ የተከለከለ ነው። የታይዋኑ ዜጋ 50,000 ዶላር በዚህ ምክንያት ብቻ ሳይሆን በመጠኑም ሕግ የጣሰ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ መስጠት የሚችለው 1,000 ዶላር ብቻ ነበርና። ይህ ጣሪያ በ2002 ከተሻሻለ ወዲህ ከዋጋ ንረት ጋር በየሁለት ዓመቱ ይስተካከላል፤ ለ2025 እና ለ2026 የተወሰነው 3,500 ዶላር ነው። ፕራይመሪው፣ ማለትም የመጨረሻ እጩዎች የሚለዩበት የመጀመሪያ ዙር፣ እና ዋናው ምርጫ እንደ ሁለት ምርጫ ስለሚቆጠሩ አንድ ሰው ለሁለቱም በየራሳቸው መስጠት ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ግን በሌላ ሰው ስም መስጠት ነው። አንድ ሰው ወይም ድርጅት ገንዘቡን ለሌሎች አከፋፍሎ እነርሱ የራሳቸው አስመስለው እንዲሰጡ ሲያደርግ፣ ወይም ከሰጡ በኋላ ገንዘባቸውን ሲመልስላቸው፣ ሰጪውም፣ ስሙን ያዋሰውም፣ እያወቀ የተቀበለውም በሕግ ፊት ይጠየቃሉ። ሕጉ በዚህ ላይ የሚጨክንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሌሎቹ ክልከላዎች ሁሉ የሚሠሩት የሰጪው ስም እውነተኛ ከሆነ ብቻ ነው።

ኩባንያዎቹ እነማን ነበሩ? ምንስ ደረሰባቸው?

ሂዩንዳይ ሞተር አሜሪካ፣ ኮሪያን ኤር፣ እንዲሁም የሳምሰንግ፣ የዴዉና የሃይታይ የአሜሪካ ቅርንጫፎች ለኪም ዘመቻ ሕገወጥ መዋጮ በመስጠት ጥፋተኛነታቸውን አምነው በድምሩ 1.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቀጥተዋል። የሰጡት ገንዘብ ከቅጣቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነበር።

ገንዘቡ በሠራተኞች ስም ሲሰጥ ኩባንያው በኋላ የሚመልስበት መንገድ በዚህ ዓይነት ጉዳዮች ዘወትር የሚታይ ነው። አለቃው «አንተ ስጥ፣ እኛ እንተካልሃለን» ሲለው እምቢ ለማለት የሚቸገረውን፣ ቪዛው በዚያው አሠሪ ላይ የተንጠለጠለውን ሠራተኛ አስቡት።

ኪም ሕጉን አያውቁም ነበር?

ለወንጀል ክስ ሕጉ «በማወቅና ሆን ብሎ» የተፈጸመ መሆኑን ይጠይቃል፤ ጥፋተኛነታቸውን ሲያምኑ ያመኑት ይህንኑ ነው። ሳያውቁ የተሠራ ስህተት የሚታየው በአብዛኛው በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን በኩል ሲሆን፣ ውጤቱም ገንዘቡን መመለስ፣ ሪፖርቱን ማረምና የገንዘብ ቅጣት መክፈል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ስህተቱን ካወቁ በኋላ ዝም ማለት ወይም መሸፈን ያንን ርቀት በአንድ እርምጃ ያሻግራል። በእኔ እምነት የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1992 የተሰበሰበው ገንዘብ በጊዜው ተገልጾና ተመልሶ ቢሆን ኖሮ አምስት ዓመት ሙሉ እየተብላላ ፍርድ ቤት ድረስ ባልዘለቀም ነበር።

ቅጣቱ ምን ነበር?

በማርች 1998 ዳኛ ሪቻርድ ፓኤዝ ኪም ሁለት ወር በቤት ውስጥ እንዲታሰሩ፣ አንድ ዓመት በፕሮቤሽን፣ ማለትም በፍርድ ቤት ክትትል ሥር እንዲቆዩ፣ 200 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጡና 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ ፈረዱ። ዐቃቤ ሕግ የጠየቀው የእስር ቤት ቅጣት ነበር።

ቅጣቱ የቀለለበት አንዱ ምክንያት በዚያን ጊዜ የዘመቻ ገንዘብ ሕጉ ራሱ ጥሰቱን እንደ ቀላል ወንጀል ብቻ ያይ ስለነበር ነው፤ የኮሚቴው ከባድ ወንጀሎች የተመሠረቱት በሌላ ሕግ ላይ ነው። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። በ2002 በወጣው ማሻሻያ መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ 25,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ጥሰት እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል ነው፤ በሌላ ሰው ስም ሲሰጥ ደግሞ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነው መጠን ራሱ እስከ ሁለት ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ስለዚህ የኪምን ቅጣት አይቶ «ይህን ያህል ነው እንዴ?» ማለት ያሳስታል።

ፍርዱ በ1998ቱ ምርጫ ላይ ምን አስከተለ?

የቤት እስራታቸውን የፈጸሙት በዋሽንግተን አጠገብ ባለው የቨርጂኒያ መኖሪያቸው፣ በቁርጭምጭሚታቸው ላይ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ታስሮ ነበር። ከቤት መውጣት የሚፈቀድላቸው እንደ ምክር ቤቱ ሥራ ላሉ የተወሰኑ ጉዳዮች ሲሆን፣ ወደ ካሊፎርኒያ ተመልሰው መራጮቻቸውን ማነጋገር ግን አልቻሉም። ፕራይመሪው የተካሄደው ጁን 2 ነበር። ያሉበትን ማስረዳት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ በየቤቱ መዞር በሚያስፈልግበት ወቅት እርሳቸው 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ተቀምጠው ነበር። በዚያ ቀን በራሳቸው ፓርቲ ተወዳዳሪ በጋሪ ሚለር ተሸነፉ።

ከእርሳቸው በኋላ ሌላ ትውልደ ኮሪያዊ ወደ ኮንግረስ ለመመረጥ 20 ዓመት ፈጅቷል። በ2018 የተመረጡት የኒው ጀርሲው አንዲ ኪም በ2024 ለሴኔት ተመርጠዋል፤ በ2020 ደግሞ ኮሪያ የተወለዱ ሦስት ሴቶች፣ ያንግ ኪም፣ ሚሼል ስቲልና ማሪሊን ስትሪክላንድ፣ በአንድ ምርጫ አሸንፈዋል። ያ ሁሉ ዘመን ክፍት የቆየው በጄይ ኪም ጥፋት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ሲወርድ ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ እንደሚያከብድበት መገመት አያዳግትም።

ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ እንዴት በምክር ቤቱ ቆዩ?

ሕገ መንግሥቱ በወንጀል የተፈረደበትን አባል ወዲያውኑ አያሰናብትም፤ ማባረር የሚችለው ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲወስን ነው። ኪም ዘመናቸው እስከተፈጸመበት እስከ ጃንዋሪ 1999 ቆይተዋል። የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ጉዳያቸውን መርምሮ ነበር፤ በምርጫ ተሸንፈው መውጣታቸው ስለተረጋገጠ ግን ቅጣት ሳይጨምር ፋይሉን ዘጋው።

ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። መስጠት እችላለሁ?

ይችላሉ። ሕጉ «የውጭ ዜጋ» ከሚለው ክልከላ ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪን ለይቶ አውጥቷል። መምረጥ ግን አይችሉም፤ ይህን ሁለቱን ማምታታት አደገኛ ነው፤ ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ከመሆኑም በላይ ከአገር ሊያስወጣ ይችላልና።

በሥራ ቪዛ፣ በተማሪ ቪዛ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው መስጠት አይችልም። ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር፤ በሥራ ፈቃድ ኒው ዮርክ የሚኖሩ ሁለት የውጭ ዜጎች ክልከላው ሐሳባችንን የመግለጽ ነፃነታችንን ይጥሳል ብለው ቢከሱም የዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2011 አልተቀበላቸውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጃንዋሪ 2012 ውሳኔውን አጽንቷል። ግብር መክፈል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መያዝ፣ ብዙ ዓመት መኖር ይህን አይለውጡም። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ፣ እንዲሁም ጊዜያዊ ከለላ ያላቸው ወገኖች ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ በዚሁ ክልከላ ውስጥ ናቸው።

እኅቴ አዲስ አበባ ናት፤ ለእጩው 200 ዶላር በእኔ በኩል ብትልክስ?

እኅትዎ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት ካልሆነች አይቻልም፤ በእርስዎ ስም ማለፉ ደግሞ አንዱን ጥፋት ሁለት ያደርገዋል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ግን ዱባይም ይኑር ቴል አቪቭ ባለበት ሆኖ መስጠት ይችላል፤ የሚታየው ዜግነቱ እንጂ የሚኖርበት አገር አይደለም።

ባለቤቴ ሥራ የላትም፤ ልጆቼም ትንንሾች ናቸው። በእነርሱ ስም መስጠት እችላለሁ?

ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጣሪያ አላቸው፤ አንደኛው ገቢ ባይኖረውም እንኳ ከጋራ ሒሳብ በሁለቱም ፊርማ መስጠት ይቻላል። ልጅ መስጠት የሚችለው ገንዘቡ የራሱ ሲሆንና በራሱ ፈቃድ ሲሰጥ ነው፤ አባት በሦስት ዓመት ልጁ ስም የሚጽፈው ቼክ ግን ኩባንያ በሠራተኞቹ ስም ከሚሰጠው ገንዘብ አይለይም።

ምግብ ቤት አለኝ። ለእጩው ዝግጅት አዳራሹንና ምግቡን በነፃ ብሰጥስ?

ይህ በጣም የተለመደ ስለሆነ ጠንቀቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በነፃ የተሰጠ አዳራሽ፣ ክትፎና መጠጥ፣ ከመደበኛው ዋጋ የተቀነሰው ሒሳብም ጭምር፣ በአብዛኛው በዓይነት የተሰጠ መዋጮ ነው። ምግብ ቤቱ በኮርፖሬሽን የተመዘገበ ከሆነ ይህን ማድረግ ክልክል ነው፤ ዘመቻው ማንኛውም ደንበኛ የሚከፍለውን ሙሉ ዋጋ መክፈል አለበት፤ በምግብና በመጠጥ ላይ ብቻ፣ ቢያንስ የወጣበትን ወጪ እስካስከፈለ ድረስ፣ ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ እስከ 1,000 ዶላር ቅናሽ ማድረግ ይፈቀዳል። ድርጅቱ በግለሰብ ስም ብቻ የሚሠራ ከሆነ እንደ ባለቤቱ የግል መዋጮ ተቆጥሮ ከጣሪያው ይቀነሳል። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) የሆነ ደግሞ ግብሩን እንደ ሽርክና ወይስ እንደ ኮርፖሬሽን ይከፍላል የሚለው ስለሚወስነው ሒሳብ ሠራተኛዎን አስቀድመው ይጠይቁ።

ቀላሉ መንገድ ዝግጅቱን በመኖሪያ ቤት ማድረግ ነው። ሰው ሳሎኑን በነፃ መስጠቱ እንደ መዋጮ አይቆጠርም፤ ለምግብ፣ ለመጠጥና ለመጥሪያ ካርድ ከራሱ የሚያወጣው ወጪም ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ እስከ 1,000 ዶላር ድረስ ነፃ ነው። እንጀራና ወጥ ሠርቶ እንግዳ መቀበል ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አንቀጽ የተጻፈለት ይመስላል።

ቤተ ክርስቲያናችን፣ መስጊዳችን ወይም የመረዳጃ ማኅበራችን ከሒሳቡ ማዋጣት ይችላል?

አይችልም። እነዚህ ተቋማት በአብዛኛው በኮርፖሬሽን የተመዘገቡ ከመሆናቸውም በላይ ከግብር ነፃ የሚያደርጋቸው ሕግ ለእጩ ገንዘብ እንዳይሰጡ ይከለክላቸዋል። አባላቱ በግላቸው ይስጡ። እቁብም ቢሆን ዕጣው ለወጣለት ሰው ከደረሰ በኋላ የራሱ ገንዘብ ነው፤ ከእቁቡ ሣጥን በቀጥታ ወደ ዘመቻው የሚሄድ ድምር ግን የማን ነው ቢባል መልስ የለውም።

በዝግጅቱ ላይ ቅርጫት ዞሮ ጥሬ ገንዘብ ቢሰበሰብ ምን ችግር አለው?

በሠርግና በለቅሶ፣ በቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያና ለታመመ ወገን ማሳከሚያ ቅርጫት ማዞር የኖርንበት ደግ ባህል ነው። ስሙን ሳያስጠራ የሰጠ ይበልጥ ይመሰገናል። የምርጫ ሕግ ግን የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ስሙ የማይታወቅ ገንዘብ በጥርጣሬ ይታያል።

ከአንድ ሰው በጥሬ ገንዘብ መቀበል የሚቻለው እስከ 100 ዶላር ብቻ ሲሆን፣ ሰጪው ካልታወቀ ደግሞ ከ50 ዶላር መብለጥ የለበትም። ከ50 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስምና አድራሻ በመዝገብ መያዝ አለበት፤ ድምሩ ከ200 ዶላር ካለፈ ሥራውና አሠሪው ተጨምሮ ማንም ሰው ሊያየው በሚችል ሪፖርት ውስጥ ይወጣል። ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ሰው፣ ምክንያቱ ትሕትናም ይሁን አገር ቤት ላሉ ዘመዶቹ መሥጋት፣ ይህን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ከሰጠ በኋላ ስሙን ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ እንዲደነግጥ ማድረግ ትክክል አይደለም።

ስለዚህ በቅርጫቱ ፈንታ በር ላይ ጠረጴዛ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ሰው ስሙን፣ አድራሻውን፣ ሥራውን፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆኑን፣ ገንዘቡም የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥበት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ቅጽ ይሙላ። አንዳንድ ሰው «አታምኑኝም ወይ?» ብሎ ሊቀየም ይችላል። አስተናጋጆቹ ቅጹ እጩውንም እርሱንም የሚጠብቅ መሆኑን በአክብሮት የማስረዳት ግዴታ አለባቸው።

ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው ሰው በጉልበቱ ማገዝ ይችላል?

ያለ ክፍያ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወልና መተርጎም ይችላል። ገንዘቡ እንዴት ይውጣ፣ ዘመቻው ምን ይበል በሚለው ላይ ግን ወሳኝ ሚና ሊኖረው አይገባም።

ለከተማ ወይም ለስቴት ምርጫ ሕጉ ይለያል?

የውጭ ዜጋ ክልከላው በሁሉም ደረጃ አንድ ነው። የመዋጮው ጣሪያ፣ የኩባንያ ገንዘብ መፈቀዱ፣ የሪፖርቱ ቀንና እጩው በምርጫ ክልሉ ስንት ጊዜ መኖር እንዳለበት ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል። በቨርጂኒያ የተፈቀደው ወንዙን ተሻግሮ በሜሪላንድ ሊከለከል ስለሚችል፣ በአንዱ ዘመቻ የሠራ ሰው ልምዱን ሳያጣራ ወደ ሌላው መውሰድ የለበትም።

የዘመቻውን ገንዘብ ያዥ ማን ቢሆን ይሻላል?

የእጩው የልብ ወዳጅ መሆኑ መመዘኛ አይደለም፤ እንዲያውም እጩውን «ይህን ቼክ አልቀበልም» ለማለት የማይፈራ ሰው መሆን አለበት። ገንዘብ ያዥ የተቀበለውን በአሥር ቀን ውስጥ ባንክ ማስገባት ወይም መመለስ፣ የሚያጠራጥር መዋጮ ሲደርሰው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ሕጋዊነቱ ካልተረጋገጠ መመለስ፣ ሰነዶችን ለሦስት ዓመት መያዝና ሪፖርቱን በፊርማው ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። እያወቀ የሐሰት ሪፖርት ከፈረመ በግሉ ይጠየቃል፤ የኪም ገንዘብ ያዥ ከእጩው ቀድሞ ጥፋተኛ መባሉን ልብ ይበሉ። በማኅበረሰባችን ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለታማኝ ሽማግሌ እንደ ክብር ነው። ሽማግሌው ይከበሩ፣ በአማካሪነትም ይቀመጡ፤ መዝገቡን ግን የምርጫ ሪፖርት የሚያውቅ ባለሙያ ቢይዘው ሽማግሌውን ራሳቸውን ከመከራ ማዳን ነው።

ከዚህ ቀደም ስሜን አውሼ ገንዘቤ ተመልሶልኛል። አሁን ምን ላድርግ?

ከማንም ጋር ከመነጋገርዎ በፊት የምርጫ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ፤ ዜጋ ካልሆኑ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ይጨምሩ። የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ሳይጠየቁ በራሳቸው ለሚያሳውቁ ሰዎች ቅጣቱን የሚቀንስበት አሠራር ስላለው ቀድሞ መቅረብ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ መቼና እንዴት እንደሚቀርቡ የሚወስነው ግን ጠበቃው ነው። የገንዘቡን መንገድ የሚያሳዩ ደረሰኞችን፣ የባንክ ወረቀቶችንና የስልክ መልእክቶችን አያጥፉ፤ መርማሪ ቢያነጋግርዎም ጠበቃዬ ባለበት እናገራለሁ ማለት መብትዎ ሲሆን፣ የማይሆን ታሪክ ፈጥሮ መንገር ወይም ማስረጃ ማጥፋት ግን ስምዎን ከማዋስዎ የከበደ ሌላ ክስ ያመጣል።